ቀዩን ድንጋይ ማን በሳው?

ጥያቄው የመጣው እዚሁ አዳማ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የ4ኛ ክፍል ልጄ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አየች። በረሃ መሐል የቆመ ትልቅ ቀይ ድንጋይ ነው። መሐሉ ተበስቶ በቀዳዳው ሰማይ ይታያል። ‹እማዬ፣ ማን በሳው?› አለችኝ። እኔ ‹ነፋስ ነው› አልኳት። አባቷ ደግሞ ‹የለም፣ ሰው ጠርቦት ነው› አለ። እውነቱ የቱ ነው? እንዲህ ተበስቶስ እንዴት አይወድቅም? እኛ አገርስ ለምን የለም?»

እህቴ፣ ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔም የአዳማ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም ድንጋይ ማጥናት ነው። መልሴ ትንሽ ይረዝማል። ቡናዎን አፍልተው ቁጭ ብለው ያንብቡት።

መጀመሪያ ለባለቤትዎ፦ ሰው አልጠረበውም። ለእርስዎ ደግሞ፦ ነፋስም አልበሳውም። ነፋስ እዚያ ቦታ ሥራ አለው፤ ግን ረዳት ነው። ዋናዎቹ ሠራተኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው ውሃ ነው። ሁለተኛው የድንጋዩ የራሱ ክብደት ነው። ይህን ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ለእኔ ግን ከነገሩ ሁሉ የሚደንቀው እሱ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአዳማ ሰው ነፋስ ቢል አይፈረድበትም። የሰቀልነው ልብስ ስንቴ አጥር ተሻግሯል! ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ የተሰለፉት ተርባይኖችም ምስክር ናቸው። በመጀመሪያው ምዕራፍ 34፣ በሁለተኛው 102 ተርባይን ቆሟል። የማመንጨት አቅማቸው አንድ ላይ 204 ሜጋ ዋት ነው። ይህን ሁሉ የሚያሽከረክር ነፋስ ድንጋይ ቢበሳ ምን ይገርማል ማለትዎ ተገቢ ነው።

ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ነፋስ ባዶ እጁን ድንጋይ አይፍቅም። የሚፍቀው አሸዋ ይዞ ነው። አሸዋ ደግሞ ከባድ ነው። ነፋስ በበረታበት ቀን መንገድ ዳር ቢቆሙ ዓይንዎ ውስጥ የሚገባው አቧራ ነው። ቁርጭምጭሚትዎን የሚገርፈው ግን አሸዋ ነው። አቧራ ሰማይ ይወጣል፤ አሸዋ መሬት ለመሬት እየዘለለ ይሄዳል። አብዛኛው ከጉልበት በላይ አይነሣም። ከሰው ቁመት በላይ የሚነሣው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በነፋስ የተፋቀ ድንጋይ እግሩ ላይ ነው የሚጎዳው። ልጅዎ እንዳየችው ያሉ መሐላቸው የተበሳ ድንጋዮች፣ ቅስት የምንላቸው፣ ግን 10፣ 20፣ አንዳንዶቹም ከ30 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተበሱ ናቸው። አሸዋ እዚያ ድረስ አይደርስም። ጉድጓዶቹም ነፋስ በሚመጣበት ጎን ብቻ አይደሉም፤ ነፋስ በማይነካው ጥግም ሞልተዋል።

ታዲያ ነፋስ ምን ይሠራል? ይጠርጋል። ውሃ ያላቀቀውን ብናኝ ከድንጋዩ እግር ሥር ወስዶ ያርቀዋል። ብናኙ እዚያው ቢከማች ኖሮ ጉድጓዱ መልሶ ይደፈን ነበር።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንምጣ። ስሙ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ድሮ አሸዋ ነበር። ቁራሹን በእጅ ይዘው በጥፍር ቢፍቁት አንዳንዱ ጣትዎ ላይ ብናኝ ይተዋል። በአጉሊ መነጽር ቢያዩት እንደ ስኳር የሚያብረቀርቁ ፍሬዎች ናቸው። አብዛኛዎቹ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ናቸው። ኳርትዝ ጠንካራ ነው፤ ውሃ በቀላሉ አይነካውም። ነገር ግን ፍሬዎቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ማጣበቂያ አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ማጣበቂያ ካልሳይት ነው። ካልሳይትን እርስዎም ያውቁታል። ውሃ በምናፈላበት ማንቆርቆሪያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር በአብዛኛው ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ይንፈቀፈቅና ይሟሟል። የዝናብ ውሃም ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ እጅግ የቀጠነ ሎሚ ነው ማለት ይቻላል። የአንድ ቀን ዝናብ ምንም አያደርግም። የመቶ ሺህ ዓመት ዝናብ ግን ማጣበቂያውን ያሟሟል፤ ፍሬዎቹም ተራ በተራ ይረግፋሉ። ቀይ ቀለሙ የመጣው ከብረት ዝገት ነው፤ ፍሬዎቹን እንደ ስስ ልባስ ሸፍኗቸዋል።

ግን የአሸዋ ድንጋይ በዓለም ላይ ሞልቷል። ቅስት የሚያወጣው ለምን ጥቂቱ ብቻ ሆነ? ለዚህ መልስ በዓለም ቅስት በብዛት ወደሚገኝበት ቦታ ልውሰድዎት። አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት ውስጥ አርችስ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1929 ጥብቅ ቦታ ተባለ፤ በ1971 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በዚያ ፓርክ ውስጥ ከ2,000 በላይ ቅስቶች ተመዝግበዋል። ለመመዝገብ ቀዳዳው ቢያንስ በአንድ አቅጣጫ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰው ቀዳዳ ነው እንጂ ቅስት አይባልም። የልጅዎ ፎቶም ከዚያው የተነሣ ይመስለኛል።

የዚያ ቦታ ምስጢር ከድንጋዩ ሥር ነው ያለው። ጨው ነው።

ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እዚያ አካባቢ ባሕር ነበር። ባሕሩ እየተዘጋ ደረቀ፤ ተመልሶ ሞላ፤ እንደገና ደረቀ። በየጊዜው ጨው ጥሎ ስለሄደ ውፍረቱ በቦታ በቦታው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ደረሰ። በኋላ በላዩ ላይ ጭቃና አሸዋ ተነጠፈ። ኤንትራዳ የሚባለው ዋናው የቅስቶቹ ድንጋይ የተነጠፈው ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ነው። በላዩም ሌላ ንብርብር እየተጨመረ ሄደ።

አሁን አሞሌ ጨው ያስቡ። በእጅ ሲይዙት ድንጋይ ነው፤ ካልፈለጡት አይለያይም። ከላዩ አንድ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለው ድንጋይ ቢጫነው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። እጅግ በዝግታ እንደ ሊጥ ይገፋል። ከከበደበት ወደ ቀለለበት ይሄዳል። እዚያም ይቆለልና የላዩን ድንጋይ ወደ ላይ ያነሣዋል። ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ አይተውታል፤ ሊጡ ከሥር ሲነሣ የላዩ ቅርፊት ይሰነጠቃል። በዩታም የሆነው ይኸው ነው። በኋላ ደግሞ ከመሬት በታች የሚሄድ ውሃ የተቆለለውን ጨው አናት አሟሟው። ጣሪያው ሰመጠና ሸለቆ ሆነ። በሸለቆው ግራና ቀኝ ያለው ድንጋይ እንደገና ጎበጠ፤ ጎን ለጎን በተሰለፉ ረጃጅም ስንጥቆችም ተከፋፈለ።

ውሃ ስንጥቅ ካገኘ አይለቅም። ገብቶ ያሰፋዋል። ስንጥቁ መተላለፊያ ይሆናል። በሁለት መተላለፊያዎች መሐል የቀረው ድንጋይ ረጅምና ቀጭን ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። የአንዳንዱ ውፍረት ከአንዲት ጠባብ ክፍል ወርድ አይበልጥም። ከላይ ሆኖ ላየው አገሩ ሁሉ ጣሪያ እንደሌለው ትልቅ ሕንፃ ነው፤ ግድግዳ፣ መተላለፊያ፣ እንደገና ግድግዳ። ቅስቱ የሚወጣው ከእነዚህ ግድግዳዎች ነው። ወፍራም ተራራ በቀላሉ አይበሳም፤ ቀጭን ግድግዳ ግን ይበሳል።

መበሳቱ ከየት ይጀምራል? ብዙውን ጊዜ ከታች፣ ከእግሩ። ይህን ለማየት ዩታ መሄድ አያስፈልግም። ግቢዎ ወጥተው የአጥሩን ግንብ እግር ይመልከቱ። ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ልስኑ አብጧል፤ ተላልጧል፤ ቀለሙ ረግፏል። በምስማር ቢጭሩት ነጭ ዱቄት ይወርዳል። ከጉልበት በላይ ግን ልስኑ ደህና ነው። በእኛ ከተማ ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ምክንያቱ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ነው። ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣ ውሃም በግንቡ ውስጥ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሽቅብ ይወጣል። ውሃው ሲተን የያዘው ጨው እዚያው ይቀራል። ጨው ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፤ እየገፋ ልስኑን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። የበረሃው የአሸዋ ድንጋይ እግርም እንዲሁ ነው የሚበላው። በዩታ ደግሞ ከኤንትራዳው ሥር ጭቃ የበዛበት ለስላሳ ንብርብር አለ። ውሃ ከላይ ወርዶ እዚያ ንብርብር ጋ ሲደርስ ይቆማል፤ ማለፍ ስለማይችል ወደ ጎን ይወጣል። ብዙ ቅስቶች የተበሱት በዚህ መጋጠሚያ አጠገብ ነው።

ሌላው ውርጭ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ ይዘቱ በ9 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። በስንጥቅ ውስጥ ሆኖ ሲበርድ ድንጋዩን ይፈለቅቀዋል። የሚገርመው የፓርኩ ከፍታ ከአዳማ ብዙም አይለይም። ከ1,245 እስከ 1,723 ሜትር ነው፤ እኛ 1,600ዎቹ ላይ ነን። ግን እነሱ ከምድር ወገብ ሩቅ ናቸው። በክረምታቸው ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። ውርጩ ግን የግድ አይደለም፤ ሌሊቱ እምብዛም በማይበርድባቸው የሰሃራ አካባቢዎችም ቅስት አለ።

«በረሃ ከሆነ ውሃው ከየት መጣ?» እንደሚሉ እገምታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አርችስ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ 800 ሚሊ ሜትር አካባቢ ታገኛለች። ያች ትንሽ ዝናብ ለቅስት ልኩ ናት። ብዙ ቢዘንብ ኖሮ ድንጋዩ አፈር ይለብስ ነበር፤ ሣርና ዛፍ ይበቅልበት ነበር፤ ጥጉም ሁሉ ይድቦለቦል ነበር። ጭራሽ ባይዘንብ ደግሞ ማጣበቂያውን የሚያሟሟ አይኖርም።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄዎ ጋ ደረስን፤ እንዴት አይወድቅም? እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ቤት ሲሠራ አይተው ያውቃሉ። ግንበኛው ቢም ሲሠራ ወፍራሙን ፌሮ ከታች በኩል ያስተኛዋል። ለምን? ከላይ ሲጫኑት የቢሙ የላይኛው ክፍል ይጨመቃል፤ የታችኛው ክፍል ይሳባል። አርማታ ሲጨምቁት ብርቱ ነው፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። ፌሮ የሚገባው መሳቡን እንዲችል ነው። የአሸዋ ድንጋይም ያው ነው። መጨመቅን የሚችለውን ያህል መሳብን አይችልም፤ ልዩነቱ አሥር እጥፍ አካባቢ ነው። ፌሮ ደግሞ የለውም።

አሁን ከግድግዳው እግር ትንሽ ጉድጓድ ተበላች እንበል። ከጉድጓዷ በላይ ያለው ጣሪያ ጠፍጣፋ ከሆነ ሆዱ ይሳባል። መሳብን ስለማይችል ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱም ይወድቃል። ቀጥሎ ያለው ይወድቃል። መውደቁ የሚቆመው ጣሪያው ሲጎብጥ ነው። ሲጎብጥ የላዩ ክብደት በግራና በቀኝ ተከፍሎ በጉብጠቱ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። ያኔ ድንጋዩ ሁሉ ይጨመቃል፤ የሚሳብ አይኖርም። በጥስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታ ድልድይ የሠሩት የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኞች ይህን አውቀው ድንጋዩን ቀስተው ካቡት። በበረሃው ደግሞ የማይሸከመው ሁሉ ወድቆ የሚሸከመው ብቻ ቀረ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ እንኳ በቂ ነበር። ግን አንድ እንቆቅልሽ ይቀራል። ቅስቱ ከተሠራ በኋላ ውሃው መብላቱን አያቆምም። ታዲያ ቀጭኑን እግር ቶሎ በልቶ መጣል አልነበረበትም? ክብደት የበዛበት ቦታ ይበልጥ መድከም አልነበረበትም? ለረጅም ጊዜ ብዙ ሰው እንዲያ ነበር የሚያስበው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ይርዢ ብሩትሃንስ የሚመሩት የቼክ ተመራማሪዎች ቡድን አንድ ሙከራ አሳተመ። ከአገራቸው የአሸዋ ካባ ልዩ ዓይነት አሸዋ ወሰዱ። ፍሬዎቹ በማጣበቂያ አልተያያዙም፤ እርስ በርስ ተጠላልፈው ብቻ ነው የቆሙት። ትንንሽ ኩብ አድርገው ቆረጡት። ምንም ሳይጭኑበት ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ፈረሰ፤ አሸዋ ሆኖ ቀረ። ከላዩ ክብደት ጭነው ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ጎኑ እየረገፈ ቀጠነ። እየቀጠነ ሲሄድ ያው ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ አረፈ፤ ግፊቱ ጨመረ። ግፊቱ ሲጨምር ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተጨማምቀው ተቆለፉ። በመጨረሻ መርገፉ ቆመ። ውሃው እዚያው ነበር፤ መሸርሸሩ ግን ቆመ። በእንዲህ ዓይነት ሙከራ ትንንሽ ቅስት፣ ዓምድና ዋሻ መሰል ቅርጾች ከአሸዋው ወጡ።

እህል መጋዘን የገባ ሰው ይህን በእጁ ያውቀዋል። ከላይ የተቀመጠውን የጤፍ ኩንታል በሹል ብረት ቢወጉት በቀላሉ ይገባል። አሥር ኩንታል የተጫነበትን የታችኛውን ቢወጉት እጅዎ ይታገላል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው። የላዩ ክብደት ፍሬዎቹን ቆልፏቸው ነው።

የሙከራው ትርጉም ይህ ነው፦ ክብደት ያረፈበት የድንጋይ ክፍል ይጠበቃል። ክብደት ያላረፈበት፣ ዝም ብሎ የተንጠለጠለው፣ ፍሬው የላላው ክፍል ይረግፋል። ውሃው ሁሉንም እኩል ይነካል፤ የትኛው ይሂድ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን ግን የሚወስነው ክብደቱ ነው። ቅስቱ ያንን የመሰለ ውብ ቅርጽ የያዘው ለዚህ ነው። እዚያ ቆሞ የምናየው የሸክሙ መንገድ ራሱ ነው። እኔ ይህን ጥናት ካነበብኩ ወዲህ የቅስት ፎቶ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቀዳዳው ላይ አያርፍም። ክብደቱ በየት በኩል እንደሚወርድ እከተላለሁ።

ይህ ማለት አይወድቅም ማለት ግን አይደለም። ላንድስኬፕ የሚባለው ቅስት 88 ሜትር ገደማ ይዘረጋል፤ በቀጭኑ ቦታ ውፍረቱ 2 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1991 ከሆዱ 18 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቅርፊት ወደቀ። ከሥሩ ጎብኚዎች ነበሩ። የመሰንጠቅ ድምፅ ሰምተው ሸሹ። በ1995 እንደገና ሌላ ቅርፊት ወደቀ። ዛሬ ከሥሩ የሚያልፈው መንገድ ዝግ ነው። ስካይላይን የሚባለው ደግሞ በ1940 አንድ ትልቅ ቋጥኝ ወድቆለት ቀዳዳው በአንድ ጊዜ በእጥፍ ሰፋ። ወል የሚባለው ቅስት በነሐሴ 2008 በአንድ ሌሊት ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ሲወድቅ ያየው ሰው አልነበረም፤ ጠዋት የመጡ ሰዎች ፍርስራሹን መንገዱ ላይ አገኙት።

አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? እየተሞከረ ነው። የሸክላ ገበያ ሲሄዱ ጀበናውን በጣትዎ ኳ አድርገው ድምፁን ይሰማሉ። ደህናው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ይታፈናል። የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቅስቶቹ ላይ ያደረጉት ይህንኑ ይመስላል። ስስ የሆነ የመሬት ንቅናቄ መለኪያ ያስቀምጣሉ። ቅስቱ በነፋስና በመሬት ንዝረት ሁልጊዜ በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል። እያንዳንዱ ቅስት የራሱ ድምፅ አለው፤ ዝግ ያለ ስለሆነ ጆሯችን አይሰማውም። ውስጡ ስንጥቅ ካደገ ድምፁ ይለወጣል። ድንጋዩ ሳይነካ መመርመር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ቅስትና የተፈጥሮ ድልድይ ይለያያሉ። ወንዝ ሰርስሮ ካለፈበት ድልድይ ይባላል። እዚያው ዩታ ያለው ሬይንቦ ድልድይ 88 ሜትር ከፍታ አለው፤ እሱን የበሳው ጅረት ነው። እኛ አገር ‹የእግዜር ድልድይ› የሚባለውን ደግሞ አርባ ምንጭ የሄደ ያውቀዋል። እሱ ግን በዓባያና በጫሞ ሐይቆች መሐል ያለ የብስ ነው እንጂ ከሥሩ የተበሳ አይደለም።

ዩታ ዩታ አበዛሁ መሰለኝ። ከእኛ ቀረብ ያለም አለ። ቻድ ውስጥ፣ ከሱዳን ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ኤኔዲ የሚባል የአሸዋ ድንጋይ አምባ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። እዚያ ያለው አሎባ ቅስት ከመሬት 120 ሜትር ገደማ ይነሣል፤ ስፋቱ ከ70 ሜትር ይበልጣል። ዮርዳኖስ ውስጥ ዋዲ ረምም ቡርዳህና ኡም ፍሩት የተባሉ ቅስቶች አሉ። እነዚህ ቦታዎች እንደ ዩታ ከሥራቸው የሚገፋ ጨው አላስፈለጋቸውም። ስንጥቃቸው በሌላ መንገድ መጣ። የጨው ጥቅሙ ስንጥቁን ማብዛቱና በሥርዓት ማሰለፉ ነው፤ ለዚህ ነው አርችስ በቁጥር የሚበልጠው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፦ እኛ ጋስ?

አዳማ ዙሪያ ቅስት መፈለግ አይጠቅምም። እኛ የቆምነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ድንጋያችን የእሳተ ገሞራ ነው። ለመንገድ የሚደለደለው ሬድ አሽ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ፐሚስ፣ ለአጥርና ለመሠረት የምንጠቀምበት ጥቁርና ግራጫ ድንጋይ፣ ሁሉም ከቦሰትና ከመሰሎቹ እሳተ ገሞራዎች የወጣ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይም ቅስት ይወጣል፤ በተለይ ባሕር ሲመታው። የእኛው ግን ሲቀዘቅዝ በተሰነጠቀው መስመር እየተላቀቀ በቋጥኝ በቋጥኝ ይናዳል። እንደ አሸዋ ድንጋይ ፍሬ በፍሬ አይረግፍም።

ወደ ሰሜን ስንሄድ ግን ነገሩ ይለወጣል። ትግራይ ውስጥ ያሉት የገርዓልታ ቀይ ገደሎች የአሸዋ ድንጋይ ናቸው። ስሙንም ከእኛው አገር ከተማ ከአዲግራት ወስዶ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል፤ በዓባይ ሸለቆም ይገኛል። ማርያም ቆርቆርና አቡነ የማታ ጉህ የተባሉት አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት በዚያ ዓይነት ድንጋይ ነው። ፈልፋዮቹ ድንጋዩን ማወቃቸው ይደንቀኛል። ለብረት የሚበገር፣ ከተፈለፈለ በኋላ ግን ከላዩ ያለውን ተራራ ተሸክሞ የሚቆም ድንጋይ መረጡ። ጣሪያውን በቦታ በቦታው ቀስተው፣ ዓምዱን ትተው ጠረቡት። የሸክሙን መንገድ ትተው የቀረውን አወጡ ማለት ነው። በዚህ በኩል ባለቤትዎ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ ሰውም ይህን ሥራ ሠርቷል፤ እዚህ እኛው አገር።

ገርዓልታ ታዲያ ለምን እንደ ዩታ በቅስት አልተሞላም? ከሥሩ የሚገፋ ወፍራም ጨው የለም። ስንጥቆቹ ድንጋዩን በማማና በአምባ ከፋፈሉት እንጂ በቀጫጭን ግድግዳ አልሰለፉትም። ጨው ደግሞ አለን፤ ያውም ብዙ። ቀይ ባሕር ትቶት የሄደው ጨው ዳሎል ላይ በመቶዎች ሜትር ውፍረት ተነጥፏል። ከገርዓልታ እስከ ዳሎል በአየር መስመር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዱ ጋ ክዳኑ አለ፣ ጨው የለም። ሌላው ጋ ጨው አለ፣ የአሸዋ ድንጋይ ክዳን የለውም። ሁለቱ አንድ ላይ ተነባብረው ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር እያልኩ አስባለሁ። በኖራ ድንጋይ በኩል ከሆነ ደግሞ ባሌ ውስጥ የሶፍ ዑመር ዋሻ አለን። ወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዋሻ ቦርቡሮ በዓምድና በቅስት ሞልቶታል። ልጅዎ ከፍ ስትል ይውሰዷት።

እስከዚያው እዚሁ ሰፈር የሚታይ ነገር ልንገርዎት። ግንባታ ያለበት ቦታ ሲኖትራክ ያራገፈው የአሸዋ ክምር አይጠፋም። በማለዳ፣ አሸዋው ገና እርጥብ ሳለ ይሂዱ። የቀን ሠራተኞቹ በአካፋ ከሥሩ እየዛቁ ሲወስዱ የላዩ ወዲያው አይወርድም። ሆዱ ጎድጎድ ብሎ ይቆማል። ጠጋ ብለው ሲያዩት ጣሪያው ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጎብጧል። ጠፍጣፋ የነበረው ቁራሽ ወድቆ ከሥሩ ተከምሯል። እዚህ ፍሬዎቹን የያዛቸው በመሐላቸው ያለው ስስ እርጥበት ነው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲበረታ ከአፉ ዳር ጀምሮ ይነጣል፤ የነጣው ክፍል እንደ ዱቄት ይፈሳል። ለልጅዎ ያንን መንጣት ያሳዩአት፤ ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ራሷ ትገምት። ግን ከክምሩ ራቅ ብላ ቆማ ትይ፤ እጇንም ሆነ ጭንቅላቷን ወደ ጉድጓዱ እንዳታስገባ። ሲናድ አይነግርም።